ካሜራው መሠዊያውን ብቻ ያያል፦ የአየርላንድ ገጠር ቁምስናዎች በወረርሽኙ ዘመንና ከዚያ ወዲህ

በ2020 ማርች መጨረሻ ላይ በምዕራብ አየርላንድ ገጠሮች ማንም ያላዘዘው የቀብር ሥርዓት ተጀመረ። አስከሬን የጫነው መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያዘግም ጎረቤቶች በየአጥራቸው ሥርና በመንገዱ ግራና ቀኝ ተራርቀው ይቆማሉ። ያማትባሉ፤ አንዳንዱ መቍጠሪያ ይዟል። ወደ መኪናው የሚጠጋ የለም፤ ሐዘንተኞቹም አይወርዱም። በመስኮት በኩል ዐይን ለዐይን ይተያዩና መኪናው ያልፋል። በዚያ ሰሞን ለቅሶ መድረስ ማለት ይህ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንግሥት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከ10 ሰው በላይ ቀብር ላይ እንዳይገኝ ከልክሎ ነበር። ቁጥሩ ለምን ያን ያህል እንዳቆሰለ ለመረዳት የአየርላንድ ገጠር ለቅሶ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሲሞት አስከሬኑ ቤቱ ይገባል፤ ሣጥኑ ሳይከደን ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰፈሩ በሙሉ እየተሰለፈ ይገባል። ቤተሰቡ በተርታ ይቆማል። ገቢው የእያንዳንዳቸውን እጅ እየጨበጠ «ስለደረሰባችሁ ሐዘን አዝናለሁ» ይላል፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ሻይ ይጠጣል፤ ስለ ሟች የሚያውቀውን ያወጋል። የሞት ማስታወቂያ በየአካባቢው ሬዲዮ ይነበባል። በብዙ ቦታ መቃብሩን የሚቆፍሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ እንደኛው እድር መዝገብና ዳኛ ባይኖረውም ግዴታው ግን የዚያን ያህል ጽኑ ነው። ሟችን በቅርብ አለማወቅ ከመሄድ አያድንም። የሟች ወንድም አንድ ጊዜ መኪናህን ከጭቃ ጎትቶልህ ከሆነ ትሄዳለህ።

ስለ ወረርሽኙ ዘመን ገደብ ብዙ የተጻፈው ስለ ቅዳሴ ነው፦ ስለ ሕግ፣ ስለ አምልኮ ነጻነት፣ ስለ ጳጳሳትና ሚኒስትሮች ክርክር። ክርክሩ ተገቢ ነበር፤ እኔም እመለስበታለሁ። ነገር ግን በገጠሩ ቁምስና (የአንድ አካባቢ ካቶሊካውያን በካህን ሥር የሚሰባሰቡበት የቤተ ክርስቲያን ክልል) ላይ የደረሰውን ጉዳት በእሑድ ቅዳሴ ብቻ የሚለካ ሰው ዋናውን ያልፈዋል። ቁምስና ሰዎች የሚተያዩበት፣ የቀረውም ሰው «የት ጠፋ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ቦታ ነው። የተቋረጠው ይህ መተያየት ነበር።

አየርላንድ ደሴት 26 ሀገረ ስብከቶችና ከ1,300 የሚበልጡ ቁምስናዎች አሏት። በገጠር ቁምስና ከቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ያለፈ ነገር ነው፤ ሰው «የየት ነህ?» ሲባል የሚጠራው የትውልድ አድራሻ ነው። የባህል እግር ኳስና የኸርሊንግ (በዱላና በኳስ የሚደረግ የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ) ክለቦች እንኳ የሚደራጁት በቁምስና ነው። አንድ ቁምስና ሁለት ወይም ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ሊኖሩት ይችላል፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መቃብር፣ አንድ ሜዳ፣ ዕድል ከቀናው አንድ ፖስታ ቤት። ፖስታ ቤቱና የፖሊስ ጣቢያው ከወረርሽኙ በፊት በየቦታው ሲዘጉ ነው የከረሙት። በብዙ መንደር በሳምንት አንድ ቀን ሰዉን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ የቀረው ነገር ቅዳሴ ብቻ ነበር።

መዘጋቱ በአንድ ቀን መጣ። ማርች 12 ቀን 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮ ቫራድካር ለቅዱስ ፓትሪክ በዓል ከሄዱባት ከዋሽንግተን ሆነው ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ትላልቅ ስብሰባዎች እንዲቀሩ አወጁ። ጳጳሳቱ በዚያው ሰሞን ሕዝብ የሚገኝበትን ቅዳሴ አቆሙ። ማርች 27 ሰው ከቤቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ታዘዘ፤ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑ ከቤት እንዳይወጡ ተመከሩ። የገጠር ምእመናን አብዛኛው የዚህ ዕድሜ ሰው ነው፤ ካህናቱም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ አንዳንዱ ቁምስና ካህኑም ምእመኑም በየቤታቸው ተከተው ቀሩ። አብያተ ክርስቲያናቱ ለግል ጸሎት በራቸው ክፍት ነበር፤ ገብቶ ሻማ ማብራት ይቻላል፤ የጠበሉ ገንዳ ግን ደርቋል፤ የመዝሙር መጽሐፎቹ ተሰብስበዋል።

ያን ጊዜ መዝጋቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያው ማዕበል ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአረጋውያን መንከባከቢያ ነዋሪዎች ነበሩ። ሽማግሌዎችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ማስዘመር በዚያ ወር ሊታሰብ አይችልም ነበር፤ ጳጳሳቱም ይህን ተቀብለው ያለ ጭቅጭቅ ዘጉ። በማርች 25 የአርማ ሊቀ ጳጳስ ኤመን ማርቲን አገሪቱን በእመቤታችን ንጹሕ ልብ ጥበቃ ሥር አኖሩ፤ ሰዉም በየቤቱ ሆኖ ተከታተለ።

ቤት ሆኖ መከታተል ለገጠሩ ሰው ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ከውጭ የሚመለከት ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አያውቀውም። በብዙ ቁምስና ከቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ማጉያ ጋር የተያያዘች አነስተኛ የሬዲዮ ማሠራጫ ነበረች፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ትደርሳለች። የታመመች አሮጊት ሬዲዮዋን ከእሳቱ አጠገብ አድርጋ የራሷን ካህን ድምፅ፣ የጎረቤቶቿን ሳል፣ የወንበር ጓጓታ ሳይቀር ትሰማለች። ከዚያ ዌብካም መጣ፤ ለንደንና ቦስተን ያሉ ልጆች የእናታቸውን ፍትሐት እንዲከታተሉበት ከወረርሽኙ ዓመታት ቀድሞ የተተከለባቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በ2020 የሆነው አዲስ ነገር ለስደተኛና ለበሽተኛ የተዘጋጀው መስኮት የሁሉም ሰው በር መሆኑ ነው። ካሜራ ያልነበረው ካህን ስልኩን በመጻሕፍት ቁልል ላይ አስደግፎ በፌስቡክ ቀደሰ፤ ብሔራዊው አር.ቲ.ኢ. ቴሌቪዥንም ዕለታዊ ቅዳሴ ያስተላልፍ ጀመር።

ገጠሩ ግን ኢንተርኔት አጥሮት ነበር። መንግሥት ወደ 540,000 ለሚጠጉ ቤቶችና ድርጅቶች ፈጣን መስመር ለመዘርጋት ውል የፈረመው ገና በኖቬምበር 2019 ነው፤ ወረርሽኙ ሲገባ ሥራው ገና ጅምር ላይ ነበር። ስለዚህ ኮረብታ ሥር ያለው ቤት ውስጥ ምስሉ እየተቆራረጠ፣ የቅዱስ ቁርባኑ ጸሎት ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። በእነዚህ ቤቶች አሮጌዋ የቁምስና ሬዲዮ ከአዲሱ ቴክኖሎጂ የተሻለ አገለገለች።

ከፍጥነቱ ይልቅ የበለጠ ያሳሰበኝ ካሜራው የሚያየው ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ዌብካም መሠዊያውን ብቻ ያያል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰዎችን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ያስጠይቃል። ካህኑ ይታያል፤ ወንበሮቹ አይታዩም። ስክሪኑ ላይ የተመልካች ቁጥር ቢኖርም ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንዲት መበለት ለሦስት ሳምንት ሦስተኛው ወንበር ላይ ባትገኝ ከኋላዋ የሚቀመጠው ሰው ወደ ቤቷ ጎራ ይል ነበር። በስክሪን ለሦስት ሳምንት ብትጠፋ ማን ይጠረጥራል? በእነዚያ ወራት ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከሩት ሌሎች ነበሩ፦ የእግር ኳስ ክለቡ ወጣቶች መድኃኒትና አስቤዛ አደረሱ፤ ፖስተኞች በየበሩ እያንኳኩ አረጋውያንን ጠየቁ። ሥራው ከካህኑና ከምእመናኑ እጅ ወጥቶ ወደ እነርሱ ተላለፈ። ለተረዳው ሰው ማን ረዳው የሚለው ቁም ነገር አይደለም፤ ለቁምስናው ግን ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱ ለሕዝብ ቅዳሴ በጁን 29 ቀን 2020 ተከፈቱ፤ በመጀመሪያ የታሰበው ለጁላይ 20 ነበር። አከፋፈቱ ቀላል አልነበረም። 50 ሰው ብቻ። አንዱ ወንበር በገመድ ታስሮ ሌላው ክፍት ይሆናል፤ በአንዱ በር ተገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ቁርባን በእጅ ብቻ ይሰጣል፤ ሰላምታ የለም፤ መዘምራን የሉም። ከእያንዳንዱ ቅዳሴ በኋላ ወንበሮቹን የሚወለውሉ በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጋሉ። እነዚህን ፈላጊው ካህን ቀድሞ የሚያገለግሉት ከ70 በላይ ስለሆኑ አዲስ ሰው መጥራት ነበረበት። በየቦታው የመጡት በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ከዚያ በፊት ከኋላ በር አጠገብ ቆመው የሚያስቀድሱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚያ በጋ ጥሩ ነገር ቢነሳ ይህ ነው። በር ላይ ቆሞ እጅ ማጽጃ የሚያድለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁምስናው የእኔ ነው አለ።

በሰፕቴምበር መንግሥት ባለ አምስት ደረጃ ዕቅድ አወጣ። በደረጃ 3 አምልኮ በኢንተርኔት ብቻ እንዲሆን ተደነገገ፤ መላ አገሪቱም በኦክቶበር 7 እዚህ ደረጃ ገባች፤ በዚያው ወር ቆይቶ ደግሞ ከሁሉ ጥብቅ ወደሆነው ደረጃ 5። በዲሴምበር 1 ለገና ተከፈተ፤ ከገና ማግስት እንደገና ተዘጋ። ከዚያ እስከ ሜይ 10 ቀን 2021 አልተከፈተም። ሲደመር ከ14 ወር ውስጥ 10 ወር ገደማ ሕዝብ በቅዳሴ አልተገኘም፤ ሁለት ፋሲካ በዝግ በር አለፈ።

ከመንግሥት ጋር የምለያየው በዚህ በሁለተኛው ክረምት ነው። ጃንዋሪ 2021 አስፈሪ ወር ነበር፤ በአንድ ቀን ብቻ ከ8,000 በላይ ሰው በበሽታው መያዙ ተነግሯል። ለጃንዋሪ መዝጋት የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን በበጋ ወራት በወንበርና በገመድ የተሠራው ሥርዓት መሥራቱ ታይቶ ነበር፤ አብዛኛው የአውሮፓ አገርም ቁጥር ወስኖ ለአምልኮ ክፍት አድርጎ ነበር። በስኮትላንድ ዳኛ ሎርድ ብሬድ በማርች 24 ቀን 2021 የአብያተ ክርስቲያናቱ ሙሉ መዘጋት ከሕግ ውጭ ነው ብለው ፈረዱ። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ለሕዝብ ሰላምና ለሥነ ምግባር ተገዥ ሆኖ ሃይማኖትን በነጻነት የመፈጸም መብትን ያረጋግጣል። ያ መብት ሲገደብ ምክንያቱ በግልጽ መነገር ነበረበት፤ አልተነገረም። ሕዝብን አስገብቶ መቀደስ ወንጀል ነው ወይስ ምክር መጣስ ነው የሚለው እንኳ ለወራት ግልጽ አልነበረም። በካቫን አውራጃ በሙላሆራን የሚያገለግሉ ካህን በራቸውን ክፍት አድርገው በመቀደሳቸው 500 ዩሮ ተቀጡ። በኤፕሪል 2021 የጤና ሚኒስትሩ የፈረሙት ደንብ ጉዳዩን ወንጀል አድርጎ ሲያብራራ ሊቀ ጳጳስ ማርቲን አጥብቀው ተቃወሙ። ዴክላን ጋንሊ የተባሉ የጋልዌይ ነጋዴ በኖቬምበር 2020 ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት ብለው ነበር፤ ክሱ ሲጓተት ክልከላው ተነሣ፤ ፍርድ ቤቱም ጊዜው አልፎበታል ብሎ ዘጋው። ስለዚህ ሕጋዊው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

የደንቡ ነገር ከሁሉ የከበደው በድንበሩ ላይ ላሉት ነው። የክሎኸር ሀገረ ስብከት የአየርላንድ ሪፐብሊክ የሆነውን ሞናሃንን፣ በብሪታንያ አስተዳደር ሥር ያለውን የፈርማናን አብዛኛውንም ክፍል በአንድ ጳጳስ ሥር ይዟል። በሰሜን በኩል ጳጳሳቱ በጃንዋሪ 2021 በራሳቸው ፈቃድ ዘግተው በማርች 26፣ ለሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ከፈቱ። በደቡብ በኩል በሩ እስከ ሜይ ተቆልፎ ቆየ። በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት፣ አንዱ ምእመን ትንሣኤን በቤተ ክርስቲያን ያከብራል፤ ሌላው በስልክ።

ብዙ ሰዎች ያን ጊዜ የቅጣት ሕጎቹን ዘመን አነሡ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የብሪታንያ አገዛዝ የካቶሊክ ጳጳሳትን አሳዶ፣ ካህናትን አስመዝግቦ፣ አምልኮን ጨቁኖ በነበረበት ጊዜ ሰው በየጫካውና በየተራራው በድንጋይ ላይ ያስቀድስ ነበር፤ «የቅዳሴ ድንጋይ» የሚባሉት እነዚህ ቦታዎች ዛሬም ይሳለማሉ። ንጽጽሩ በአንድ በኩል ስህተት ነው፤ በ2021 ያለው መንግሥት ሃይማኖትን ለማጥፋት አልተነሣም። በሌላ በኩል ግን ሰዎቹ ያሰቡት ባይሆንም አንድ እውነት ይነግረናል። ያ ዘመን ሕንጻ የሌላት ቤተ ክርስቲያን መኖር እንደምትችል አሳይቷል፤ ምክንያቱም ቤቶች ነበሩ። ጸሎት ቤት ሲታጣ ካህኑ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ቀደሰ፤ ይህ ልማድ በኬሪ፣ በኮርክና በማዮ ገጠሮች እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቅዳሴው በአንድ ሰው ቤት ይሆናል፤ ተራው የደረሰው ቤተሰብ ግድግዳውን ይቀባል፤ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ መሠዊያ ይሆናል፤ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ያስቀድሳል፤ ከዚያ ቁርስ ይበላል። ወረርሽኙ ግን ቤተ ክርስቲያኑንም ቤቱንም በአንድ ጊዜ ዘጋ። አሮጌው መሸሸጊያ በዚህ ጊዜ አልሠራም።

ሌሎቹም የዓመቱ ምልክቶች አብረው ጠፉ። በዶኔጋል በሎክ ዴርግ ደሴት ላይ በባዶ እግር፣ በጾምና በትጋት የሚፈጸመው የሦስት ቀን ንግደት በ2020 ተሰረዘ፤ ከ1828 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የክሮ ፓትሪክ ተራራ የጁላይ መጨረሻ እሑድ ጉዞ ቀረ። በማዮ የሚገኘው የኖክ ቤተ መቅደስ በኦገስት 15፣ ሕዝብ በሚጎርፍበት በእመቤታችን ፍልሰታ በዓል ቀን፣ ጎርፉን ፈርቶ በሩን ዘጋ። ብዙ የማይወራለት ደግሞ የመቃብር እሑድ ነው፦ በበጋ አንድ ቀን ቤተሰብ ሁሉ የዘመዶቹን መቃብር አጽድቶ፣ አበባ ተክሎ ካህኑ ሲባርክ አጠገቡ ይቆማል፤ ከከተማና ከእንግሊዝ ለዚህ ሲሉ የሚመጡ አሉ። በዚያ ዓመት በብዙ ቦታ ካህኑ ባዶ መቃብር ሥፍራ ላይ ብቻውን ባረከ።

የልጆቹ ጉዳይ የክርክሩን ጠባይ ይበልጥ አሳየ። የመጀመሪያ ቁርባንና ሜሮን በተደጋጋሚ ተላለፉ። በ2021 በጋ ምግብ ቤቶች ሲከፈቱ እነዚህ ሥርዓቶች አሁንም እንዳይፈጸሙ መንግሥት መከረ፤ የፈራው ቅዳሴውን ሳይሆን ከቅዳሴው በኋላ በየቤቱ የሚደረገውን ድግስ ነው። የኤልፊን ጳጳስ ኬቪን ዶራን በስላይጎና በሮስኮመን አካባቢ ባሉት ቁምስናዎቻቸው ሥርዓቱ በኦገስት እንዲፈጸም ፈቀዱ፤ ሌሎች ጳጳሳትም ተከተሉ። ቤተሰብ ለሚያደርገው ድግስ ልጅን ቁርባን መከልከል ለእኔ አልዋጥ ያለኝ ነገር ነው።

ገደቡ በጃንዋሪ 2022 በአብዛኛው ሲነሣ ሰዉ በሙሉ አልተመለሰም። ለዚህ ወረርሽኙን ብቻ መክሰስ ግን አያስኬድም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ካቶሊክ 9ኙ በየሳምንቱ ያስቀድስ ነበር፤ ቁልቁለቱ የጀመረው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው፤ የካህናት በደልና የጳጳሳት ሽፋን የፈጠረው ቁስል ደግሞ አባባሰው። በሕዝብ ቆጠራ ራሱን ካቶሊክ ያለው በ2016 78 በመቶ፣ በ2022 69 በመቶ ነበር። ወረርሽኙ ያደረገው ልማድን መቁረጥ ነው። በየእሑዱ የሚሄደው ሰው ለምን እንደሚሄድ ራሱን አይጠይቅም ነበር፤ አሥር ወር ቤቱ ሲቀመጥ ጠየቀ፤ አንዳንዱም መልስ አጣ። አረጋውያን ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበራቸው። ፍርሃቱ፣ የሳሎኑ ሙቀት፣ በሁለት ዓመት የላላው ጉልበት ተደምሮ ዌብካሙ ቀላሉ ምርጫ ሆነ። መቶ ሰው የነበረበት የገጠር ቅዳሴ ስልሳ ሲሆን ካህኑ ሁለቱን ቅዳሴዎች አንድ ያደርጋል፤ አንድ ሲሆን ሰዓቱ የማይመቸው ይቀራል፤ ካህኑ ጡረታ ሲወጣ ቁምስናው ከጎረቤቱ ጋር ይጣመራል። በኤፕሪል 2024 በምዕራብ የሚገኙት የኪላላና የአኮንሪ ሀገረ ስብከቶች በጎረቤት ጳጳሳት ሥር እንዲተዳደሩ ተደርገዋል፤ የቱአሙ ሊቀ ጳጳስ ፍራንሲስ ዳፊ ኪላላን፣ የኤልፊኑ ዶራን አኮንሪን ደርበው ያዙ።

ለቅሶው ግን ተመለሰ። ይህን ልብ በሉልኝ። ቅዳሴ የቀረባቸው ሰዎች ለቀብር ይመጣሉ፤ ሰልፉ እንደ ድሮው ከቤት በር እስከ መንገድ ይደርሳል፤ እጅ ይጨበጣል። የሞት ማስታወቂያው ላይ ከወረርሽኙ የቀረው አንድ መስመር አለ፦ «ቅዳሴውን በዌብካም መከታተል ይቻላል»። ሩቅ ላለ ዘመድ ጥሩ ነው። ሁለት መንደር አልፎ ላለ ሰው ግን ላለመምጣት የተዘጋጀ ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ ካህናቱን ይህ ያሳስባቸዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የምከታተለው የወሩን የመጀመሪያ ዓርብ ነው። በዚያ ቀን ካህኑ ቤት የዋሉትን አረጋውያንና ሕሙማን እየዞረ ቁርባን የማቀበል የቆየ ልማድ አለው፤ በገደቡ ወራት ይህም ተቋርጦ ነበር። አሁን ካህን በሌለበት ወይም ሦስት ቁምስና በደረበበት ቦታ ቁርባኑን ይዘው የሚሄዱት ምእመናን ናቸው፤ ጥቂቶቹ በ2020 በር ላይ እጅ ማጽጃ ሲያድሉ የነበሩት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሻማ ይበራል፤ ከጸሎቱ በኋላ ሻይ ይፈላል። እንግዳው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ማገዶ መኖሩን፣ መድኃኒት መምጣቱን፣ ልጆቹ መደወላቸውን ይጠይቃል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ይነዳል።